ሁለት በር ያለው ሳጥን

ደብዳቤው መጥቶ የጠፋው አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ሳለች ነው። በአንድ እጇ ከላይ ያለውን ብረት ጨብጣለች፣ በሌላው ስልኳን ይዛለች፤ ከፊቷ የተቀመጠው ወፍራም ሰውዬ ቦርሳዋ ፊቱ ላይ እንደተንጠለጠለ አስሬ እየተነፈሰ ያሳስባታል። ስልኩ ጢን አለ። በደማቅ ጥቁር የትምህርት ቤቱ ስም፣ ከሥሩ ደግሞ «ማመልከቻዎን ተመልክተን መቀበላችንን ስንገልጽልዎ» የሚል ግማሽ መስመር። በአውራ ጣቷ ልትከፍተው ስትል ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፣ የቆመው ሁሉ ወደ ፊት ተደፋ፣ እሷም ሰውዬው ጭን ላይ ወድቃ ተነሳች። ይቅርታ ጠይቃ ቀና ስትል ደብዳቤው የለም። በቦታው የጫማ ቅናሽ ማስታወቂያ ነበር፤ እሱም ዓይኗ እያየ ጠፋ። ከሥሩ የነበረው የፀጉር ቅባት ማስታወቂያም ተከተለው። አንድ የማይታይ እጅ ስልኳ ውስጥ ገብቶ እየለቀመ ያወጣ ይመስል ነበር።

መጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ አባቷ ሥራ ገብተዋል ማለት ነው። አባቷ ፖስታ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ሲለዩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ግራ ጎናቸውን ሽባ ያደረጋቸው በሽታ ሲመታቸው፣ ቀኝ እጃቸውና ኩራታቸው ብቻ ተረፈላቸው። ወንድሟ የገዛውን ኮምፒውተር ሳሎን መስኮቱ ሥር ሲተክል የእሷንም ኢሜይል ከፍቶበት ነበርና፣ አንድ ቀን ሲያፈጡበት አገኘቻቸው። «ይህ ሁሉ ኮተት ያንቺ ነው? እንዲህ ያለ ሳጥን በእኛ ጊዜ ቢገኝ ሠራተኛው ይቀጣ ነበር» አሏት። እሷም ሥራ መፍታታቸው አንጀቷን እየበላት ስለነበር «እንግዲያው እርስዎ ይለዩልኝ» አለቻቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ተላጭተው፣ ሸሚዝ ለብሰው፣ እንደ ቢሮ ሰዓት አክብረው ይቀመጣሉ። ማስታወቂያውን ይጥላሉ፣ ደህና ደብዳቤ አይነኩም። እዚያ ሲጥሉት እዚህ ስልኳ ላይ ይጠፋል፤ እንዴት እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም፣ ብቻ ይመቻት ነበር። «በሠላሳ አንድ ዓመት ከእጄ አንዲት ደብዳቤ አልጠፋችም» ይላሉ ለመጣ እንግዳ ሁሉ፤ ሆስፒታል ተኝተው አፋቸው በተጣመመበት ሰሞን እንኳ ለሐኪሙ ነግረውታል። ዛሬ እንግዲህ አንዷ ከማስታወቂያው ጋር አምልጣቸው ሄደች። ማታ ታሾፍባቸዋለች።

ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም፤ ለነገሩ የሚያሾፉበት ደብዳቤ አልነበረም። መነጽር ቤት ውስጥ አስራ አንድ ዓመት ሌንስ ሞርዳለች። ሌላ ሰው የለካውን ዓይን፣ ሌላ ሰው የጻፈውን ቁጥር ተቀብላ መስተዋቱን ከፍሬሙ ልክ ማድረስ ነው ሥራዋ። ትምህርት ቤቱ የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ የሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነው፤ ሁለት ዓመት ያስተምራል፣ ያሳድራል፣ ያበላል፣ ሲያስመርቅ ዓይን መርማሪ አድርጎ ነው። በዓመት አስራ ሁለት ሰው ብቻ ይቀበላል፤ ዕድሜው ከሠላሳ አምስት ያለፈ አያመልክት ይላል። እሷ ሠላሳ አራት ዓመት ከዘጠኝ ወሯ ነው። ሁለት ጊዜ አመልክታ ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ ይህች ሦስተኛዋ ናት፣ አራተኛ የለም። አባቷ ሰው ባለበት ሁሉ «ትሂድ! እኔ ኖሬ ጨርሻለሁ፣ የእኔን ነገር አታስቢ ብያታለሁ» ይላሉ፤ እንግዳውም የእንዲህ ያለ አባት ልጅ መሆኗን እያደነቀ ይሄዳል። እሷ ከሄደች ጠዋት ከአልጋ ማን ያነሳቸዋል፣ ማን ያጥባቸዋል፣ መጸዳጃ ቤት ማን ይወስዳቸዋል የሚለውን ጥያቄ ግን በዚያ ቤት ያነሳው ሰው የለም። ወንድሟ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በወር አራት ቀን ቤት ከገባ ብዙ ነው። አብራቸው የምትኖረው የወንድሟ ሚስት ሕፃን ታቅፋለች። ጥያቄው ሳሎኑ መሀል እንደተቀመጠ ትልቅ ዕቃ ነበር፣ ሁሉም ሳይነካው እየዞረው ያልፋል።

ሱቅ እንደደረሰች ደወለችላቸው፤ አላነሱም። ሥራ ላይ ሲሆኑ ስልክ አያነሱም፣ ድሮም ደንባቸው ነው። የሱቁ ባለቤት ወይዘሮ ገና መጋረጃውን ሳትሰበስብ አንዲት አሮጊት ገብተው ፍሬም ይመርጡ ነበር። አንዱን አንስተው ዋጋውን ሲጠይቁ ዘጠኝ መቶ ተባሉ። «ለሁለት ጠርሙስና ለሽቦ?» አሉ። «እማማ፣ መስተዋቱ ለብቻው ነው፤ ይሄ የሽቦው ነው» አለቻቸው ወይዘሮዋ። አሮጊቷ ዘጠኝ መቶውን ላለማየት ይመስላል የራሳቸውን መነጽር አወለቁ። እሷ ከጓዳ ሆና፣ የመሞረጃውን ማሽን ውኃ እየሞላች፣ ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ያን ጠዋት ሁለት ሌንስ አበላሸች። በየመሀሉ እጇን እየጠረገች ስልኳን ታያለች፤ አባቷ የተዉላት የውኃና የመብራት መልእክት ብቻ ነበር፣ ተራቸውን ጠብቀው ተደርድረዋል።

ለምሳ ስትወጣ በቀጥታ የሄደችው ደረጃው ሥር ወደሚቀመጠው ስልክ ጠጋኝ ነው። ሰፈሩ «ሐኪሙ» ይለዋል፤ የተበላሸ ስልክ ሲቀበል ፖስታ ውስጥ አስገብቶ «ታማሚ» ብሎ ስለሚጽፍበት። ነገሩን ስትነግረው ብሎኑን ከአፉ አውጥቶ እጁን ዘረጋ።

«አልጠፋም፣ አትደንግጪ» አላት ስልኳን እየነካካ። «ሰው ሁሉ ደብዳቤው ስልኩ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። የለም። ሳጥኑ ሌላ ቦታ ነው፣ ያንቺ ስልክ አንዱ በር ነው፣ የቤታችሁ ኮምፒውተር ሁለተኛው በር። እዚያ ያነበብሽው እዚህ እንደተነበበ ይታያል፣ እዚያ የጣልሽው ከዚህም ይወጣል። ጀምረሽ የተውሽው ሳይቀር እዚያ ይታያል። ባል ያላቸው ሰዎች ይህን ቶሎ ነው የሚያውቁት!» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። «የተጣለ ደግሞ ሠላሳ ቀን ቆሻሻው ውስጥ ይቆያል። ይኸውልሽ።»

«የተሰረዙ» ከሚለው ሥር፣ ከጫማውና ከፀጉር ቅባቱ ጋር ተኝቶ አገኙት። ቆማ አነበበችው። ተቀብለዋታል። ትምህርት ሰኞ ይጀመራል፤ ቦታውን መፈለጓን እስከ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት በዚሁ አድራሻ እንድታረጋግጥ፣ አለዚያ ለተጠባባቂ እንደሚተላለፍ ይላል። ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን ከሳምንት በፊት ነው፤ ሳምንት ሙሉ የአንድ ሰው ፊርማ ሲጠብቅ ከርሞ ዛሬ መላኩ ነው። እሷ ግን ያ ሁሉ አልታያትም፤ ሦስት ጊዜ ስሟን አነበበች። ሐኪሙ ደብዳቤውን እንዳልተነበበ አድርጎ ወደ ቦታው መለሰላትና ስልኳን ሰጣት። እሷ ለአገልግሎቱ ስንት እንደሆነ እየጠየቀች፣ እሱም «ለምሥራች አይከፈልም» እያለ ሳለ፣ ደብዳቤው እንደገና ሄደ። ሁለቱም አዩት። መጀመሪያ ደማቅ ነበር፣ ከዚያ የተነበበ ሆኖ ፈዘዘ፣ ከዚያ ጠፋ።

ሐኪሙ መሳቁን አቆመ። «ይሄ በስህተት አይደለም» አላት ዝቅ ብሎ። «አንብቦ ነው የጣለው።»

በዚያች ቅጽበት የጣለችው የወንድሟ ሚስት እንድትሆን ተመኘች። እውነቱ ይህ ነው፤ ጠረጠረች ከማለት ተመኘች ማለት ይቀላል። ብትሆን ሁሉም ነገር ይገጥማል፤ እሷ ስትሄድ ሸክሙ የሚወድቀው በማን ላይ ነው? ለዓመታት በሰላምታና በሻይ የተሸፈነ ቂም ካለ የሚወጣው እንዲህ ነው። ደወለች፣ ስልኩ ገና ሲነሳ አልጠበቀችም።

«ከኮምፒውተሩ ላይ ተነሺ! ሰው በሰው ሕይወት እንዲህ ይጫወታል? ከጠላሽኝ ፊት ለፊት ንገሪኝ!»

ከወዲያ በኩል የብዙ ሕፃናት ለቅሶና ተራ የሚጠራ የሴት ድምፅ ይሰማል። «እህቴ፣ ምን ሆነሻል?» አለች የወንድሟ ሚስት። «እኔ እኮ ልጁን ላስከትብ ጤና ጣቢያ ነኝ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ተሰልፌ፣ አሁንም ከፊቴ ስድስት ሰው አለ።»

«ቤት ማን አለ ታዲያ?»

«አባባ ናቸዋ። ሌላ ማን ይኖራል?» ከዚያ የወንድሟ ሚስት በቀስታ «እንደምትጠሊኝ ግን ዛሬ ገና በጆሮዬ ሰማሁት» ብላ ዘጋችው።

ሐኪሙ ያልሰማ ለመምሰል ብሎን ይፈልግ ነበር። «የሳጥኑን ቁልፍ፣ የይለፍ ቃሉን፣ ልቀይርልሽ?» አላት በመጨረሻ። «ሁለት ደቂቃ ነው። ከዚያኛው በር ይወጣል፣ ተመልሶ መግባት አይችልም።» ልትሰጠው እጇን ዘረጋች። ከዚያ አባቷ ታዩዋት። ተላጭተው፣ ሸሚዙን በአንድ እጃቸው ቆልፈው፣ ማያው ላይ «መግባት አይችሉም» የሚል ሲወጣባቸው። በዚያ ቤት የቀረቻቸው አንድ ሥራ የእሷን ደብዳቤ መለየት ናት፤ በልጃቸው እጅ ተባረሩ ማለት ነው። «ይቆይ» አለችው። ምናልባት በዚህ ዓለም ላይ የሠራችው ትልቁ ሞኝነት ይህ ነው፣ ግን ደግማ ብትኖረውም ደግማ ትሠራው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ፊት ተቀምጣ መልሱን ጀመረች። ደብዳቤውን ራሷ ከተጣለበት አውጥታ፣ «የተከበራችሁ፣ ደብዳቤያችሁ ደርሶኛል» ብላ ጻፈች። ቀጥሎ የሚመጣው አንድ ቃል ነው፤ ተቀብያለሁ ማለት ብቻ ነው የቀራት። ጣቷ ግን እምቢ አላት። እሳቸው ሳያውቁ ልካ ማታ ገብታ ሾርባ ስታጎርሳቸው ታያት፤ ሁለቱም እያወቁ፣ ሁለቱም ዝም ብለው። ተናደደችባቸው፣ በጣም ተናደደችባቸው፤ ከንዴቱ ሥር ደግሞ ልጅነቷን የሚያህል አዘኔታ ነበረ። ቤት ሄጄ ፊት ለፊት ልጠይቃቸው ብላ ወሰነች። ቅሪ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ብላ ራሷን ስትጠይቅ፣ ቅሪ ቢሏት እንደምትቀር አወቀች። አንዲት ቃል ከአፋቸው ብትወጣ በቂ ነበረች። ጊዜ አላት፣ ገና ስምንት ሰዓት አልሆነም። የጀመረችውን እንዳለ ትታ ስልኳን ኪሷ ከተተች። ወይዘሮዋን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንድትለቃት ለመነቻት፤ ወይዘሮዋ እሺ ብላ፣ አንድ ደንበኛ ለሠርግ የሚያደርገው ፍሬም አለ ብላ፣ እሱን ጨርሺልኝ ብላ፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ ለቀቀቻት።

አውቶቡሱ ውስጥ መቀመጫ አገኘች። አስር ሰዓት ሲል ስልኳ ጢን አለ፤ ትምህርት ቤቱ ነው። «መልስዎ ደርሶናል። በውሳኔዎ ብናዝንም ምክንያትዎን እናከብራለን። ለአባትዎ ምሕረትን እንመኛለን።» ሁለት ጊዜ አንብባ አልገባትም። ምን መልስ? እሷ የላከችው የለም። ሐኪሙ እንዳደረገው እየነካካች «የተላኩ» የሚለውን ስትከፍት፣ ላይኛው ላይ አንድ ደብዳቤ ተቀምጧል፣ በራሷ ስም፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት የተላከ። የመጀመሪያው መስመር የእሷው ነው። የተቀረው የፖስታ ቤት ሰው አማርኛ ነበር።

«የተከበራችሁ፣ ደብዳቤያችሁ ደርሶኛል። ስለሰጣችሁኝ ዕድል ያለኝን ምስጋና በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ይሁን እንጂ አባቴ ጽኑ ሕመምተኛ ሲሆኑ የሚገኙትም በእኔ እጅ ነው። ሲወድቁ የሚያነሳቸው ከእኔ በቀር ሰው የላቸውም። እሳቸው በሰው ፊት ሂጂ ይሉኛል። ነገር ግን መሄዴን እንደ ሞት እንደሚፈሩት አውቃለሁ። ለመናገርም ያፍራሉ። ስለዚህ ቦታው ለሌላ አመልካች እንዲሰጥ በትሕትና አመለክታለሁ።»

ከሥሩ የእሷ ሙሉ ስም ከነአባቷ ስም። በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል እየፈለጉ፣ ይህን ለመጻፍ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይፈጅባቸው አይቀርም። አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም። በዚህ ሁሉ ዓመት ከአባቷ የሰማችው እውነተኛ ነገር ይህ ብቻ መሰላት፣ እሱንም ለማያውቁት ሰው ነው የጻፉት።

ከሚቀጥለው ፌርማታ ወርዳ ወደ ትምህርት ቤቱ ደወለች። ስልኩን ያነሳው ጸሐፊ ትሑት ሰው ነበር። ተጠባባቂዋ ተደውሎላት ወዲያው ተቀብላለች፣ በደስታ ስታለቅስ እሱ ራሱ ሰምቷታል፣ ስሟም ገብቷል። «አሁንም እኮ አስራ አንድ ሰዓት አልሆነም» አለች እሷ። «አልሆነም፣ ግን መልስ ሰጡን እኮ። ከእርስዎ አድራሻ ነው የመጣው።» «ስህተት ነው» አለችው። «የማን ስህተት?» አላት ጸሐፊው፣ ለክፋት ሳይሆን የሚሞላው ቅጽ ስላለ ይመስላል። በስሜ ሌላ ሰው ጻፈ ካለችው ምናልባት ነገሩ ይመረመር ይሆናል፤ ማን ጻፈው ይባላል፣ እሷም መመለስ ይኖርባታል። መኪና እያለፈ አቧራውን ፊቷ ላይ በተነባት። «የእኔ» አለችና ዘጋችው። የቀረውን መንገድ በእግሯ ሄደች።

ቤት ስትገባ የወንድሟ ሚስት የተከተበውን ልጅ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ኮሪደሩ ውስጥ ትመላለሳለች። ይቅርታ ልትጠይቃት አፏን ስትከፍት «ትኩሳት ይዞታል» ብላ ጀርባዋን ሰጠቻት። ሳሎኑ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ በአበባ ጨርቅ የተሸፈነው ሶፋ፣ ግድግዳው ላይ የጡረታ የምስክር ወረቀት፣ የመድኃኒት ብልቃጦቹ በሰዓት ቅደም ተከተል። ኮምፒውተሩ ጠፍቷል። አባቷ ፊታቸውን ከመስኮቱ መልሰው ተቀምጠዋል።

«ቶሎ መጣሽ ዛሬ?» አሏት።

«ሥራ ቀለል አለ።»

ሾርባውን አሙቃ መጣች፣ ፎጣውን አንገታቸው ላይ አሰረች፣ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች። ጠበቀቻቸው። አንድ ማንኪያ፣ ሁለት ማንኪያ፣ አምስት ማንኪያ ጠበቀቻቸው። ቢናዘዙ ይቅር ልትላቸው ተዘጋጅታ ነበር፤ ቢያለቅሱ አብራቸው ልታለቅስ።

«ከነዚያ ሰዎች ዛሬም መልስ የለም?» አሏት ሾርባውን ውጠው።

ማንኪያው እጇ ላይ ቆመ። «መጥቷል» አለች።

«ምን አሉ?»

«ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል አሉ።»

አባቷ በደህናው እጃቸው ጉልበቷን ነካ ነካ አደረጉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር፣ እንባውም ውሸት አልነበረም፤ ክፉው ነገር ይኸው ነው። «አይዞሽ ልጄ። ዋጋሽን አያውቁም እነሱ። ለበጎ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ውስጧ የነበረው አዘኔታ ተንጠፍጥፎ ያለቀው። ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠች።

«ደብዳቤው ጥሩ ነው፣ አባባ» አለቻቸው። «አጻጻፍዎ እንዳለ ነው። ሌላ ጊዜ ግን በራስዎ ስም ይፈርሙበት።»

እጃቸው ከጉልበቷ ላይ ተነሳ። ኮሪደሩ ውስጥ የሕፃኑ ለቅሶና የእናቱ እሹሩሩ ይሰማ ነበር። አባቷ ወደ ጠፋው ኮምፒውተር፣ ከዚያ ወደ ምስክር ወረቀታቸው፣ ከዚያ ወደ እጃቸው ተመለከቱ። የተጣመመው አፋቸው ቃሉን እየሰባበረው፣ «አንቺ ስትሄጂ ማን ያነሳኛል?» አሉ።

«ይቺን ቃል ጠዋት ቢነግሩኝ በፈቃዴ እቀርልዎ ነበር» አለቻቸው። «አሁን የምቀረው ሌላ ቦታ ስለሌለኝ ነው።»

ሾርባው በርዶ ነበር፣ የቀረውንም አጎረሰቻቸው፣ እሳቸውም አፋቸውን እየከፈቱ ተቀበሉ። አገጫቸውን በፎጣው ስትጠርግ እጇ ከሌላው ቀን ጠንከር አለ፤ አመማቸው። ሲጨርሱ ወደ መጸዳጃ ቤት ልትወስዳቸው ብብታቸው ሥር ክንዷን አስገባች። ወትሮ ሲነሱ ሁለቱም አንድ ላይ እስከ ሦስት ይቆጥሩ ነበር። ያን ቀን ሳይቆጥሩ ተነሱ።